በመንደርደሪያው ላይ የተናገርሁት

ነፋስን በማይታይ ሚዛን የሚመዝን፣ ለእያንዳንዷ የዝናብ ጠብታ የምትወርድበትን ስፍራ አስቀድሞ የሚያዘጋጅ፣ በአካል ሦስት በመለኮት አንድ የሆነ የእግዚአብሔር ስም አስቀድሞ ይመስገን። በእርሱ ስም ጀምሬ፣ የአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያችን ሊሻሻል ሲታቀድ፣ ከሥራዎቹ የትኛው ቀድሞ ገንዘብ ይመደብለት ተብሎ ሕዝቡ ለምክር በተጠራበት ወራት ያየሁትን እጽፋለሁ። ነገሩ የአስፋልትና የቦይ ነገር ነው። እኔ ግን በእርጅናዬ አፌን ይዤ የቆምሁበት ነገር ከዚያ ሌላ ብዙ የለም።

ትውልዴ ኦቾሎ ነው። ኦቾሎ በገደል አፋፍ የተቀመጠች ስለ ሆነች የአባያን ሐይቅ ቁልቁል ትመለከታለች። ሌላው ሰው አውሮፕላንን የሚያውቀው ቀና ብሎ፣ በሆዱ በኩል ነው፤ የኦቾሎ ሰው ግን በጀርባው ያውቀዋል። በሐይቁ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ክንፎቹን ከላይ እናይ ነበር፤ ጥላውም በውሃው ላይ ሲከተለው እናይ ነበር። ሸማኔዎቻችን «የሰማይ መወርወሪያ አለፈ» ይሉና የራሳቸውን መወርወሪያ መልሰው ይወረውሩ ነበር። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚያርፍ፣ በምን ላይ እንደሚያርፍ ያሰበ አልነበረም። እኔም አላሰብሁም። ቅኔ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሄጄ፣ ብዙ ዘመን ቆይቼ፣ ተመልሼ በአርባ ምንጭ ወንበር ዘርግቼ ሳስተምር እንኳ፣ አውሮፕላን ለኔ የሚያልፍ እንጂ የሚያርፍ ነገር አልነበረም።

የማስተምረው ቅኔ ነው። አንድ ቃል ሁለት ፍች ተሸክሞ ሲገኝ ኅብር እንለዋለን፤ ተማሪው ኅብሩን ሳይሰማ ካለፈ እገሥጸዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር እንዲህ ባለ ሰው ላይ መድረሱ ራሴንም እስከ ዛሬ ስለሚያስቀኝ ነው።

ስልክ የተደወለልኝ ከቅዳሴ ወጥቼ ተማሪዎቼ ፊት በተቀመጥሁበት ሰዓት ነው። የደወለው የከተማውን ስብሰባዎች የሚያስተባብር፣ በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠርሁት ሰው ነበር።

«የኔታ፣ እንደምን አደሩ? ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ አለን፤ ስለ አውሮፕላን ማረፊያው ማሻሻያ ነው። እርስዎ በመንደርደሪያው ላይ ጥቂት ቃል ይናገሩልናል።»

«በመንደርደሪያው ላይ? እኔ?»

«ከእርስዎ ሌላ ማን አለ የኔታ! ሁልጊዜም እርስዎ ነዎት እኮ።»

«ረዘም አድርጌ ልናገር?»

«አጠር ይበል። ግን እንደ ልማድዎ ጠለቅ ያለ ይሁን።»

ስልኩን ዘጋሁና ተጨነቅሁ። አውሮፕላን ስለሚንደረደርበት ሜዳ እኔ ምን አውቃለሁ? «ሁልጊዜም እርስዎ ነዎት» ያለኝም ግራ አጋባኝ። ነገር ግን ሽማግሌን የሚያከብር ከተማ ነውና፣ በማላውቀውም ቢሆን ምክሬን ፈልገው ይሆናል ብዬ ተቀበልሁ።

በዚያው ሳምንት አንዲት የንስሐ ልጄ ልትጠይቀኝ መጣች። ከማረፊያው በታች፣ ወደ ላንቴ በሚወስደው በኩል፣ ሙዝ ታለማለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ማሳውን ብቻዋን ይዛ ልጆቿን የምታስተምር ሴት ናት። ኩርኩፋ የምንለውን የበቆሎ ዱቄት ምግብ ከነሃላኮው፣ ከነሽፈራው ቅጠሉ፣ በሳህን ሸፍና ይዛ ነበር። እኔ እየበላሁ እርስዋ መሬቱን ታያለች።

«ምን ሆነሻል?» አልኋት።

«አባቴ፣ አዲስ የመንገደኛ አዳራሽ ሊሠሩ ነው አሉ። በፊቱም ሰፊ ሲሚንቶ ሊያነጥፉ ነው አሉ።»

«መልካም አይደለም እንዴ?»

«ለመንገደኛው መልካም ነው። ሲሚንቶ ግን ውሃ አይጠጣም። አፈሩ ሲጠጣው የኖረውን ሲሚንቶው ወደ እኔ ይልከዋል።»

ነገሩን አብራራችልኝ። በልግ በመጣ ቁጥር ከተራራው ሥር የሚወርደው ጎርፍ በማረፊያው ዳር ያልፋል። ድሮ የሚያልፍበት ቦይ ነበረው፤ ተራራው ግን በየዓመቱ አፈሩን ስለሚልክ ቦዩ ሞላ። የማንም ጥፋት አይደለም። አሁን ውሃው ተንሰራፍቶ ይመጣና ሙዝዋ ሥር ይተኛል። ሙዝ ውሃን ይወዳል፤ የሚወደው ግን የሚያልፈውን ነው፤ የቆመ ውሃ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ያለፈው በልግ የማሳዋን የታችኛውን ወገን ጨርሶ ወስዶባታል። የቀራት የላይኛው ነው።

«የሚመጣው በልግ በላይኛው ላይ ከተኛ፣ ልጆቼን ይዤ ሰው ቤት መግባቴ ነው» አለችኝ። «በስብሰባው እንደሚናገሩ ሰማሁ። አዳራሹ ይቅር አላልሁም አባቴ። ቦዩ ይቅደም ይበሉልኝ። ይህን ብቻ።»

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደገ ሰው የቀደመና የተከተለ ምን ያህል እንደሚራራቅ ያውቃል። ጉልላት ያማረ ነገር ነው፤ መሠረት ሳይጣል ግን የሚሰቅለው የለም። እናገርልሻለሁ አልኋት። ይሁን እንጂ ያላየሁትን እንዳልናገር ፈራሁና ለዚያው ለደወለልኝ ልጅ ደወልሁለት።

«መንደርደሪያውን ሳላይ እንዴት አድርጌ እናገራለሁ? አስፈቅድልኝ።»

«የኔታ... ማየት ፈልገው ነው?»

«አዎን፣ ቆሜበት።»

«እ... እሺ። አስፈቅዳለሁ» አለ። ሽማግሌው አውሮፕላን ማየት አማረው ብሎ እንዳዘነልኝ የነገረኝ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት በመኪና መጥታ የወሰደችኝ፣ ለጥናቱ ከአዲስ አበባ ከመጡት ባለሙያዎች አንዷ፣ ወጣት መሐንዲስ ናት። በጋቢዬ ላይ የሚያብለጨልጭ ቢጫ ሰደርያ አለበሰችኝ። በሬዲዮ ፈቃድ ጠየቀች፤ ተፈቀደልን፤ ገባን። መኪናው ሲቆም ወረድሁ።

እንዴት ብዬ ልግለጸው? በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቀጥተኛ ነገር አላየሁም። ሜዳው ጥቁር ሆኖ፣ መካከሉን ነጭ መስመር እየቆረጠው፣ ሄዶ ሄዶ ከሰማዩ ጋር ይገናኛል። በስተግራ የጋሞ ተራሮች ጉም ለብሰው ቆመዋል፤ በስተቀኝ ሐይቁ አለ። ድምፅ የለም። እግሬ የረገጠውን ሳላስተውል ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርሁ።

«አባ! አባ! ጫማዎን አያውልቁ!» አለች መሐንዲሷ እየሮጠች። «ጠጠርም አለው፣ ደግሞም ያቃጥላል!»

«መቅደስ የገባሁ መስሎኝ ነው ልጄ» አልኋት አፍሬ። አልሳቀችብኝም። «እኔም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነበር የተሰማኝ» አለችኝ።

በጫፉ ላይ ትልልቅ ቁጥር ተጽፎ አየሁ። የቤት ቁጥር ነው ወይ ብዬ ብጠይቃት በዚህኛውስ ሳቀች። አብራሪው ወደ የት አቅጣጫ እንደሚያርፍ የሚነግረው እርሱ ነው አለችኝ። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው የሚያርፈው፤ ከኋላው የገፋው እንደሆነ መቆም ያቅተዋል። ስንት ዘመን «የሚገጥመኝን ነፋስ አርቅልኝ» ብዬ ጸልያለሁ! በሰላም የሚያሳርፈው የሚገጥመው ነፋስ እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም።

«እንዲያው ሲያዩት ጠፍጣፋ ነው?» አለችኝ።

«ከዚህ የበለጠ ጠፍጣፋ ምን አለ?»

የያዘችውን የፕላስቲክ ውሃ ከፍታ በነጩ መስመር ላይ አፈሰሰች። ውሃው ጥቂት ቆም አለ፤ የሚያስብ ይመስል ነበር። ከዚያ ተከፈለ፤ ገሚሱ ወደ ግራ፣ ገሚሱ ወደ ቀኝ፣ ማንም ሳይነካው መሄድ ጀመረ። የሜዳው ጀርባ እንደ ዓሣ ጀርባ ከመካከሉ ከፍ ብሎ ወደ ዳር የሚያዘነብል ነው፤ ዓይን ግን አያየውም። እኔ ያላየሁትን ውሃው አየው። ዓይኔ ደክሞ ነው እንዳልል፣ የልጅቷም ዓይን አያየውም፤ በመሣሪያ ነው የምታውቀው። የሰው ልጅ በዓይን የማይታይ ቁልቁለት ሠርቶ ውሃን እንዲታዘዝ ማድረጉ፣ ውሃም ያንን አውቆ መታዘዙ፣ የትኛው ይበልጥ እንደሚደንቅ መለየት አቃተኝ።

ከዚያ ወደ ዳሩ ወስዳ የሞላውን ቦይ አሳየችኝ። ሣር በቅሎበታል፤ የትናንቱ ካፊያ ተኝቶበታል፤ በውሃው ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች እንደ ደብተራ ተደርድረው ቆመዋል።

«እነዚህ አባ ኮዳዎች ያስቸግሩናል። እንቁራሪት ፍለጋ ነው የሚመጡት። የቆመ ውሃ ባይኖር አይመጡም ነበር፤ ወፍ ሞተር ውስጥ ከገባ አደጋ ነው።»

«ማዕረጌን መውሰዳቸው አንሶ መንገድም ይዘጋሉ?» አልሁ። ጉልበቷን እስክትይዝ ድረስ ሳቀች።

«ደግሞ የአስፋልት ጠላቱ ጎማ አይደለም አባ፤ ውሃ ነው። ከሥሩ ከገባ ከላይ አያስታውቅም፤ ሲያስታውቅ ግን ጊዜው አልፏል።»

«ታዲያ ቦዩ ሊቀድም ነዋ!»

«በእኛ ሚዛን አዎን። ሕይወት የሚጠብቅ ሥራ ይቀድማል፤ ያለውን ከመበላሸት የሚያድን ይከተላል፤ አዲስ ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ሆኖም ገንዘቡ ሲጠየቅ የነዋሪው ድምፅም ሚዛን ላይ ይወጣል። እስካሁን ያነጋገርናቸው ሁሉ አዳራሽ ነው የሚሉት። ቦይ ማን ያስመርቃል አባ? ሪባን የሚታሰርበት ቦታ እንኳ የለውም።»

በዚህ መካከል ሬዲዮዋ አውሮፕላን ሊያርፍ መቅረቡን ተናገረ። ፈጥነን ወጥተን ከአጥሩ አጠገብ ቆምን። መጀመሪያ በሐይቁ ላይ እንደ ኮከብ ያለች ብርሃን ታየች። ብርሃኗ ክንፍ አወጣች። በኦቾሎ ሳለሁ በጀርባው የማውቀው ነገር አሁን ፊቱን አዙሮ ወደ እኔ መጣ። ወረደ፤ ወረደ፤ ጎማው ጥቁሩን ሜዳ ሲነካ ትንሽ ጢስ ብን አለ፤ ከዚያ ድምፁ ደረሰና ደረቴን መታኝ። አማተብሁ። በዚያ ሆድ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ የሚሸጠውን የሚያስብ ነጋዴ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ፣ ታሞ የተመለሰ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ሁሉም ነፍሱን በዚያች ጥቁር መስመር ላይ አሳርፎ ወረደ። አንዱም ስለ ቦዩ አላሰበም። ሊያስብም አይገባውም፤ ስለ እርሱ የሚያስብ ሌላ ሰው አለና።

ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ የሆቴል ባለቤቶች፣ ከኩልፎ ዳር የመጡ ፍራፍሬ አልሚዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ዱንጉዛ የተባለውን ባለ ጥልፍልፍ ቀለም የጋሞ ሽመና የለበሱ የደጋ ሽማግሌዎች። አብሮ አደጌ የሆነው የኦቾሎ ሸማኔ ከፊት ተቀምጧል። ሰብሳቢው ተነሥቶ «እንግዲህ አባታችን መንደርደሪያውን ያደርጉልናል» አለ። ወዲያው ሕዝቡ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ባርኔጣ ያደረገ አወለቀ፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ስለ አንድ መንደርደሪያ ይህን ያህል አክብሮት መኖሩ ደስ አሰኘኝ።

«ወገኖቼ» አልሁ፣ «መንደርደሪያው እንደ ዓሣ ጀርባ ነው።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ትንሽ ደነገጥሁ፤ ቀጠልሁ። «ዝናብ ሲወርድበት ውሃው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል።»

«አሜን!»

«ሆኖም ቦዩ ሞልቷል፤ ውሃውም መሄጃ አጥቶ ይተኛል።»

«አሜ...» አለ ገሚሱ። ከኋላ አንድ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። የደወለልኝ ልጅ ከጥግ ሆኖ ግንባሩን ይዟል። እኔ ግን ነገሩ ልቤን ሞልቶት ስለ ነበር አላቋረጥሁም፤ ስለ አባ ኮዳዎቹ፣ ከአስፋልቱ ሥር ስለሚገባው ውሃ፣ በስተታች ሙዝ ስለሚበሰብስባቸው ቤተሰቦች ተናገርሁና፣ «ስለዚህ አዳራሹ ይቅር ሳንል፣ ቦዩ ከአዳራሹ ይቅደም!» ብዬ ደመደምሁ።

«አሜን! አሜን! አሜን!» አሉ የደጋ ሽማግሌዎች፤ በእነርሱ ዘንድ የቡራኬ መጨረሻ በሦስት አሜን ይታሰራልና። ሁሉም ተቀመጠ።

ከሆቴል ባለቤቶች አንዱ ግን አልተቀመጠም። «አባቴ ይፍቱኝ፣ ይህ ቡራኬ ነው ወይስ ክርክር? አሜን እያልሁ በራሴ ላይ ፈረድሁ እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አባታችን፣ እኛ መንደርደሪያ ያልነው የስብሰባውን መክፈቻ ነበር፤ ጸሎትና ምርቃት» አለኝ።

ያን ጊዜ ኅብሩ ተፈታልኝ። አንዱ ቃል አውሮፕላኑም ነገሩም የሚንደረደሩበትን ይዟል። ተማሪዎቼን ስገሥጽበት የኖርሁት ነገር በሕዝብ ፊት ያዘኝ።

«ወገኖቼ፣ አሜናችሁን መልሱ» አልኋቸው። «ሳያውቁ የተባለ አሜን አያስርም። እኔ ቃሉን በአንድ ወገን ሰማሁት፤ እናንተም በአንድ ወገን። ከማረፊያው በታች ማሳ ያላት አንዲት የንስሐ ልጅ እንዳለችኝም እወቁ፤ የተናገርሁት ስለ እርስዋም ነው። አሁን ምርቃቱን ሰጥቼ እቀመጣለሁ፤ እናንተ ምከሩ።»

መርቄ ተቀመጥሁ። አብሮ አደጌ ሸማኔው ጎኔን ነካ አድርጎ በጋሞኛ፣ «ሰሜን ድረስ ሄደህ የተማርኸው ይህን ነው?» አለኝ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መሐንዲሷ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ንገረን እስቲ። አባ ያለው እውነት ነው?» በጋሞኛ «አንተ»ና «አንቺ» አንድ ቃል ስለ ሆነ የኛ ሽማግሌዎች በአማርኛም አይለዩትም። እርስዋም «እሺ አባባ» ብላ ሳትቀየም ተነሣች።

ረጅም ሰዓት ተመከረ። የሆቴሉ ባለቤት ያለውም ሐሰት አልነበረም፤ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ ሻንጣውን ታቅፎ ፀሐይ ላይ ሲቆም ከተማው ያፍራል፤ እንግዳ ያፈረበት ከተማ ደግሞ እንግዳ አያገኝም። መሐንዲሷ ለእርሱም ዋጋ ሰጥታ፣ አንዱን ከሌላው እያነጻጸረች፣ ቦዩ ሳይሠራ የሚነጠፍ ሲሚንቶ ጎርፉን እንዴት እንደሚያባብሰው አሳየች። በመጨረሻ ሰውየው እጁን ዘረጋ። «እሺ፣ እንግዳዬ በደኅና ያርፍ። ፀሐዩን እኔ በጃንጥላ እችላለሁ። ግን አዳራሹ ሁለተኛ ይሁን፤ ሦስተኛ ነው የምትሉኝ ከሆነ አሜኔን እመልሳለሁ!» ሽማግሌዎቹ ሣቁ፤ ሰብሳቢው ጠየቀ፤ ሕዝቡም አሁን አውቆ «አሜን» አለ። ቦዩ ቀዳሚ፣ አዳራሹ ተከታይ ተባለ።

ደስታዬ ግን ረጅም አልነበረም። ከአዳራሹ ስንወጣ መሐንዲሷ ተከተለችኝ።

«አባ፣ አንድ ነገር አልነገርሁዎትም። እርስዎ ውሃው ይውጣ አሉ፤ የት ይውጣ የሚለውን ማንም አልጠየቀም። ድሮ ቦዩ የሚያልፍበት ቦታ ላይ አሁን ቤት ተሠርቷል። የቀረው ቁልቁለት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በንስሐ ልጅዎ ማሳ ላይኛው ወገን ጥግ ያልፋል። ካሳ ይታሰብላታል። እምቢ ካለች ግን ሥራው አይጀመርም፤ ያለ መውጫ የሚቆፈር ቦይ ገንዘብ አያገኝም።»

ያ ጥግ የቀራት የማሳዋ ምርጡ ስፍራ ነው። እንዲድንላት የለመንሁላትን ማሳ እኔው ልጠይቃት ሆነ።

በማግሥቱ ከመሐንዲሷ ጋር ሄድን። ሴትዮዋ የሙዝ ዘለላ እየቆረጠች በጋሪ ታስጭን ነበር። ሳልሸፋፍን ነገርኋት። ቢላዋዋን ጋሪው ላይ አኖረች። ጋሪ ነጂው እንኳ አህያውን መጎተት ተወ።

«በየት በኩል ነው የሚያልፈው? አሳዪኝ» አለች መሐንዲሷን።

መሐንዲሷ ችካል ተክላ ቀይ ሲባጎ ወጠረች። ሲባጎው ካፈሩት ሙዞች መካከል እየሰነጠቀ ሄደ። ሴትዮዋ ሲባጎውን ተከትላ እስከ ዳር ተራመደች፤ ተመለሰች።

«ካሳው ይቆይ፤ ይመጣል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ከዚህ ቦይ ውሃ ልጥለፍ?»

«ከጎርፍ በኋላ ጥቂት ጊዜ ውሃ ይኖረዋል» አለች መሐንዲሷ። «መክፈቻ እንዲደረግልሽ በዕቅዱ ውስጥ አስገብቼ እጠይቃለሁ። ይፈቀዳል ብዬ ቃል ልሰጥሽ ግን አልችልም።»

«ይፈቀዳል ብትዪኝ ኖሮ አላምንሽም ነበር» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባቴ፣ በአባቶቻችን ዘንድ የውሃን መንገድ መዝጋት ጎሜ ነው፤ ነውር ብቻ ሳይሆን መቅሠፍት ያመጣል ይላሉ። መንገድ ስጡኝ ያለ ውሃ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ውሃን ምን ብዬ እምቢ እለዋለሁ?»

ቢላዋዋን አነሣች። «ሌላ ሰው ከሚቆርጠው እኔ ልቁረጠው» ብላ ከሲባጎው በታች ያለውን የመጀመሪያውን ሙዝ በአንድ ምት ጣለችው። ግንዱ ሲወድቅ ውሃው ፊቷ ላይ ተረጨ፤ በክንዷ ጠረገችው። ዘለላውን አንሥታ ጋሪው ላይ ጨመረችና «ያልበሰለ ነው፤ ለገበያ አይሆንም፤ ልጆቹ ቀቅለው ይበሉታል» አለች።

ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ስለ መስጠት ብዙ አስተምሬአለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ያገኘሁት ሥራ የወደቀውን ቅጠል ከሲባጎው ላይ ማንሣት ብቻ ነበር። መሐንዲሷም ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ ነበር።

ዕቅዱ እንደ ተመከረው በቅደም ተከተሉ ሄደ፤ ጸደቀ፤ ቦዩም ከአዳራሹ ቀድሞ ተሠራ። አዳራሹ ይህን ስጽፍ ገና ተራውን ይጠብቃል፤ መንገደኞችም አሁንም ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። የሆቴሉ ባለቤት ባገኘኝ ቁጥር ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ያሳየኛል።

በልግ ሲመጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በተራራው ላይ ጠቆረ። ባጃጅ ይዤ ወደ ማሳዋ ሄድሁ። ደርሼ ሳልቀመጥ ዝናቡ ወረደ። ሁለታችን በቤትዋ ታዛ ሥር ቆመን ጠበቅን። እርስዋ ሙዞቹን ታያለች፤ እኔ ጸሎቴን ደገምሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጎርፉ መጣ፤ ቀይ ሆኖ፣ ቅርንጫፍ ተሸክሞ፣ እየጮኸ። ወደ ማሳው ጫፍ ደረሰ። ውሃው ግን ቦዩ ላይ ደርሶ ታጠፈ። ማንም አላዘዘውም፤ የሚያየው ሰው ያለ አይመስለውም፤ እንዲሁ ታጠፈና ተቆርጠው ከወደቁት ሙዞች ስፍራ በኩል ቁልቁል ወደ ሐይቁ ሄደ። መክፈቻው ስለ ተፈቀደላት በዳር ተሠርቶላታል፤ ያን ቀን ግን ተዘግቶ ነበር። የተረፉት ሙዞች ሥራቸው ላይ ውሃ ሳይተኛ፣ ቅጠላቸው በዝናቡ እየተመታ ቆመዋል።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትመለከት ነበር።

«እዩት አባቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ሰላም እንኳ ሳይለኝ አለፈ። አምና እኮ ሳይጠራ ቤቴ ድረስ ይገባ ነበር።»

ከዚያ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ወዲያው ወደ ዕንባ ተለወጠ፤ ምስጋና ነበርና።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ታላቅም ታናሽም፣ የሚመጣባችሁን ሁሉ መሄጃውን የሚያሳይ አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን። ሊሰጥ የከበደውን የሚሰጥ እጅ ለቤታችሁ አይታጣ። ሩቅ የሄደ ልጃችሁ በደኅና ይረፍ፤ ቤት የቀረው በጤና ይጠብቀው። ጓዳችሁ ሙሉ፣ ደጃችሁ ለእንግዳ ክፍት፣ ሽማግሌያችሁ ተሰሚ፣ ሕፃናታችሁም ለወግ ለማዕረግ የሚበቁ ይሁኑ። ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ክብር ይሁን፤ አሜን።